የቤት ኔትወርክ ማከማቻን ያለ ኬብል ዝርጋታ ማገናኘት

የኔትወርክ ማከማቻ፣ በአጭር ስሙ ናስ፣ አንድ ወይም ከዚያ በላይ ሃርድ ዲስክ ይዞ ከቤት ኔትወርክ ጋር የሚገናኝና ፎቶ፣ ቪዲዮና ሰነድ ለቤቱ ኮምፒውተሮችና ስልኮች የሚያቀርብ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ስሙ ከእንግሊዝኛ ምህጻር የመጣ ሲሆን ከብረታ ብረቱ ናስ ጋር ዝምድና የለውም። በኮምፒውተር ላይ ከሚሰካ ውጫዊ ዲስክ የሚለየው የራሱ ፕሮሰሰርና ሥርዓተ ክወና ስላለው ሌላ ኮምፒውተር ሳይበራ ብቻውን መሥራት በመቻሉ ነው።

አብዛኞቹ የቤት ናሶች የኢተርኔት ኬብል መሰኪያ ብቻ አላቸው። የሲኖሎጂ ኩባንያ ናሶች ቀድሞ በዩኤስቢ የሚሰካ የዋይፋይ መቀበያ ይቀበሉ ነበር፤ ከሥርዓተ ክወናው 7ኛ እትም ጀምሮ ግን ይህ ቀርቷል። ስለዚህ ራውተሩ ሳሎን፣ ናሱ ሌላ ክፍል ሲሆንና ቤቱ የኪራይ ሆኖ ግድግዳ መብሳት የማይፈቀድ ሲሆን ሌላ መንገድ መፈለግ ግድ ይሆናል።

ፍጥነቱ የሚቀንስበት ቦታ

1 ጊጋቢት በሰከንድ የሚያሳልፍ የኢተርኔት ኬብል በስሌት 125 ሜጋባይት በሰከንድ ያስተላልፋል፤ በተግባር ወደ 110 ገደማ ይደርሳል። በዚህ ፍጥነት 100 ጊጋባይት ፎቶ 15 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። በተግባር 200 ሜጋቢት በሚያሳልፍ ዋይፋይ ያው ፎቶ ከ1 ሰዓት በላይ፣ በደካማ የ40 ሜጋቢት ግንኙነት ደግሞ 5 ሰዓት ተኩል ይወስዳል።

ዋይፋይ ሬዲዮ ነው፤ በአንድ ቻናል ላይ ብዙውን ጊዜ በየተራ እንጂ በአንድ ላይ መናገር አይቻልም። ላፕቶፑም ናሱም በአንድ ራውተር ዋይፋይ ላይ ካሉ እያንዳንዱ ፋይል መጀመሪያ ከናሱ ወደ ራውተሩ፣ ቀጥሎ ከራውተሩ ወደ ላፕቶፑ፣ በዚያው ቻናል ሁለት ጊዜ ያልፋል። ፍጥነቱም በግማሽ ገደማ ይወርዳል። ብዙ ሰው ጥፋቱን በኢንተርኔት አቅራቢው ላይ ያላክካል። ሆኖም በቤት ውስጥ ከናስ ወደ ላፕቶፕ የሚሄድ ፋይል ከቤት አይወጣም፤ ከኢንተርኔት ጥቅልም አይቆጠርም፤ ኢንተርኔት ተቋርጦም ቢሆን ይሠራል።

ከዚህ የሚወጣው ቀላሉ መፍትሔ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነው፤ ናሱን ራሱን ራውተሩ አጠገብ አስቀምጦ በአጭር ኬብል ማያያዝ። ላፕቶፑ በዋይፋይ ቢሆንም ፋይሉ አየሩን የሚያቋርጠው አንድ ጊዜ ብቻ ይሆናል። ለዚህ የሚከፈለው ዋጋ የዲስኩና የማራገቢያው ድምፅ ሳሎን ውስጥ መሰማቱ ነው።

የዋይፋይ ድልድይ

ናሱን ማንቀሳቀስ ካልተቻለ የራውተሩን ዋይፋይ ተቀብሎ በኢተርኔት ቀዳዳ የሚያወጣ መሣሪያ ከናሱ ጎን ይቀመጣል። አንዳንድ አሮጌ ራውተሮችም ቅንብራቸው ተቀይሮ ለዚህ ያገለግላሉ። የ2.4 ጊጋኸርትዝ ሞገድ ግድግዳን በተሻለ ያልፋል፤ ነገር ግን ዘገምተኛና የጎረቤት ዋይፋይ የሚያጨናንቀው ነው። የ5 ጊጋኸርትዝ ሞገድ ፈጣን ቢሆንም ኮንክሪትና ብሎኬት ቶሎ ያደክሙታል። ድልድዩን ከብረት ቁም ሳጥን ጀርባ አውጥቶ ከፍ ባለ ቦታ በበሩ አቅጣጫ ማድረግ አዲስ መሣሪያ ከመግዛት በፊት ሊሞከር ይገባል።

የኤሌክትሪክ መስመር

ፓወርላይን የሚባለው ዘዴ ግድግዳ ውስጥ ያለውን የመብራት ሽቦ እንደ ኔትወርክ ኬብል ይጠቀማል። አንዱ አዳፕተር ራውተሩ ጋ፣ ሌላው ናሱ ጋ ሶኬት ላይ ይሰካል። የመጀመሪያው የሆምፕለግ ደረጃ በ2001 እ.ኤ.አ. ሲወጣ 14 ሜጋቢት በሰከንድ ነበር፤ በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው ሆምፕለግ ኤቪ ወደ 200 ከፍ አደረገው። እነዚህ የስሌት ቁጥሮች ናቸው፤ በቤት ውስጥ የሚገኘው ከዚያ በእጅጉ ያንሳል። ካርቶኑ ላይ 600 የተጻፈበት አዳፕተር የኢተርኔት ቀዳዳው 100 ሜጋቢት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ 100 ጊጋባይት ከ2 ሰዓት በታች አይገለበጥም። የቀዳዳውን ፍጥነት ማየት የሚሻለው ለዚህ ነው።

አዳፕተሩ በቀጥታ ግድግዳው ላይ መሰካት አለበት። ዲቫይደር በተለይም የኃይል መከላከያ ያለው ምልክቱን ያደክመዋል፤ ዩፒኤስም እንዲሁ። የስልክ ቻርጀርና ሞተር ያላቸው ዕቃዎች ረብሻ ይፈጥራሉ። ባለሦስት ፌዝ ቤት ውስጥ ሁለቱ ሶኬቶች የተለያየ ፌዝ ላይ ከሆኑ ግንኙነቱ ሊደክም ወይም ጭራሹን ላይኖር ይችላል።

መብራት በተደጋጋሚ በሚጠፋባቸው እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች ይህ ዘዴ አንድ ጉድለት አለው። ናሱና ራውተሩ በዩፒኤስ ቢጠበቁም አዳፕተሮቹ ከመብራቱ ጋር ይጠፋሉ፤ በመጻፍ ላይ የነበረ ፋይልም በመሐል ይቋረጣል። የዋይፋይ ድልድይ ግን ከናሱ ጋር ዩፒኤሱ ላይ ሊሰካ ይችላል።

በአንድ ግቢ ብዙ ተከራይ አንድ ቆጣሪ ሲጋራ ምልክቱ ወደ ሌላው ቤት ሊሻገር ይችላል። በሆምፕለግ ኤቪ መረጃው ባለ128 ቢት ምስጠራ አለው፤ አዳፕተሮቹ ግን ከፋብሪካ ሲወጡ የጋራ የይለፍ ቃል ሊይዙ ስለሚችሉ ማጣመሪያ ቁልፋቸውን ተጭኖ አዲስ መስጠት ያስፈልጋል።

የቴሌቪዥን ገመድ

ሞካ የተባለው ዘዴ በኮአክሲያል ገመድ ይሠራል፤ ሞካ 2.5 እስከ 2.5 ጊጋቢት ይደርሳል። የኬብል ቴሌቪዥን በተስፋፋበት በሰሜን አሜሪካ ለብዙ ቤቶች ይስማማል። ከዲሽ በሚወርድ ገመድ ላይ ግን አይመከርም፤ ሞካ የሚጠቀምበት ሞገድ የሳተላይቱ ምልክት ከሚወርድበት ጋር ይደራረባል።

የመጀመሪያው ቅጂ

በየትኛውም መንገድ ቢገናኝ፣ ከባዱ ሥራ መጀመሪያ ሁሉንም ፋይል ወደ ናሱ መገልበጥ ነው። ናሱን ለአንድ ቀን ራውተሩ አጠገብ አምጥቶ ላፕቶፑንም በኬብል ማያያዝ ብዙ ሰዓት ያተርፋል። ከዚያ በኋላ የመጠባበቂያ ፕሮግራሙ አዲስና የተለወጡ ፋይሎችን ብቻ ስለሚልክ ዘገምተኛ ግንኙነትም ሌሊቱን ሊያደርሰው ይችላል። ናሱ ወደ ቦታው ሲመለስ ኮምፒውተሮቹ እንዳያጡት ቋሚ የአይፒ አድራሻ ይመደብለታል፤ ከዚያም ጥቂት ፋይሎችን መልሶ በመክፈት ቅጂው መሥራቱ ይረጋገጣል።