ሳያመነታ፣ ሳይደግም፣ ከርዕስ ሳይወጣ

ኢያን ሜሲተር ሸርቦርን በሚባለው የእንግሊዝ ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለ ልቡ ከክፍል ወጥቶ መንጎድ ይወድ ነበር። አንድ ቀን መምህሩ ደረሱበትና ሲያስተምሩት የቆዩትን ሳያመነታና ሳይደግም ለአንድ ደቂቃ እንዲናገር አዘዙት። አድጎ የሬዲዮ ሰው ከሆነ በኋላ፣ በለንደን 13 ቁጥር አውቶቡስ ፎቅ ላይ ተቀምጦ ሳለ ያ የልጅነት ቅጣት ጨዋታ ሊሆን እንደሚችል ታየው።

ጨዋታው «ጀስት ኤ ሚኒት» ተባለ። በቢቢሲ ሬዲዮ መሰማት የጀመረው በዲሴምበር 22 ቀን 1967 (እ.ኤ.አ.) ነው። አራት ተወዳዳሪዎች ይቀመጣሉ፤ ዳኛው ለአንዱ ርዕስ ይሰጠዋል። ተናጋሪው ካመነታ፣ ቃል ከደገመ ወይም ከርዕሱ ከወጣ ሌላው መጥሪያውን ተጭኖ ይቃወማል። ተቃውሞው ትክክል ከሆነ ነጥቡንም የቀረውንም ሰከንድ ይወስዳል። ደቂቃው ሲያልቅ ፊሽካ ይነፋል፤ በዚያች ቅጽበት ንግግሩ በአፉ ያለ ሰው ሌላ ነጥብ ያገኛል። በቃ፣ ሕጉ ይኸው ነው። በአማርኛ እንጫወተው ብንል «እንትን» እና «ማለት ነው» ስንቱን አንደበተ ርቱዕ በአሥረኛው ሰከንድ እንደሚጥሉት መገመት አያዳግትም።

የቢቢሲ አለቆች የሙከራ ቅጂውን ሰምተው አልወደዱትም፤ አዘጋጁ ዴቪድ ሀች ነው ተሟግቶ ያስፈቀደው። ዳኛው ኒኮላስ ፓርሰንስም ቢሆን የፈለገው ተወዳዳሪ መሆን እንጂ መዳኘት አልነበረም። ሳይወድ የያዘው ወንበር ግን እስከ 2019 ድረስ የእሱ ሆኖ ቆየ። በ2020 ሲሞት 96 ዓመቱ ነበር።

ይህን ዝግጅት ግማሽ ምዕተ ዓመት ያሻገረው ንግግሩ አይመስለኝም፤ ሙግቱ ነው። ክሌመንት ፍሮይድን እንመልከት። የሲግመንድ ፍሮይድ የልጅ ልጅ ነው፤ በኋላም የፓርላማ አባል ሆኗል። ሌላው ሰው ሃምሳ ምናምን ሰከንድ ሲለፋ ዝም ብሎ ያዳምጥና ፊሽካው ሊነፋ አንድ ሁለት ሰከንድ ሲቀረው ይቃወማል፤ የሰውን ድካም በአንድ ቃል ያጭዳል። ኬኔት ዊሊያምስ ደግሞ ጊዜ ለመግዛት አንዷን ቃል እንደ ዜማ እየጎተተ ያስረዝማታል። ውሳኔ ሲበየንበት ይጮኻል፣ ዳኛውን ይሰድባል፣ ከግሬት ፖርትላንድ ጎዳና ድረስ ተጉዤ የመጣሁት ለዚህ ነው ወይ ብሎ ያማርራል። ጎዳናው እዚያው ለንደን መሐል ነው። ፓርሰንስም የሰማውን ሁሉ ችሎ፣ ኩፍ ብሎ የተቀመጠ ጨዋ ዳኛ ሆኖ ይተውናል። ስድቡ የሚያስቀው ተሰዳቢው ክብሩን ሳይለቅ ሲቀር መሆኑን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

ነጥቡ እንግዲህ ሰበብ ነው። ይህን እስከ ጥጉ የወሰደው በ1972 የጀመረው «አይም ሶሪ አይ ሃቨንት ኤ ክሉ» የተባለው የሬዲዮ ዝግጅት ነው። እዚያ ውስጥ ተጫዋቾቹ የለንደን የምድር ባቡር ጣቢያዎችን ስም በየተራ እየጠሩ «ሞርኒንግተን ክሬሰንት» ለማለት የሚሽቀዳደሙበት ጨዋታ አለ። ሕግ የለውም። ሁሉም ግን ጥልቅ ሕግ ያለው አስመስለው ያሰላስላሉ፣ ይከራከራሉ፣ የተቀናቃኛቸውን ብልሃት ያደንቃሉ። ጥሩምባ ነፊው የጃዝ ሙዚቀኛ ሃምፍሪ ሊትልተን እስከ ሞተበት 2008 ድረስ ይህን ሁሉ የመራው የመጣበት ምክንያት በጠፋው ሰው ድምፅ ነበር። እውነተኛው ጣቢያ በ1992 ለጥገና ተዘግቶ በ1998 ሲከፈት መራቂ ሆነው የተጋበዙት እነዚሁ ቀልደኞች ናቸው።

ቴሌቪዥን ሲገባበት ጨዋታው ጥርስ አወጣ። በ1990 የጀመረው «ሃቭ አይ ጎት ኒውስ ፎር ዩ» የሳምንቱን ዜና ይዞ ፖለቲከኞችን ከቀልደኞች ጎን ያስቀምጣል። በ1993 የሌበር ፓርቲው ሮይ ሃተርስሊ ለሦስተኛ ጊዜ ሲቀርበት አዘጋጆቹ ወንበሩን ባዶ አልተዉትም፤ በዕቃ የተሞላ የአሳማ ስብ አስቀመጡበት፣ «ክቡር የፓርላማ አባል» የሚል ማዕረግም ጨመሩለት። መቅረት ከመምጣት የበለጠ እንደሚያስከፍል ከዚያ ወዲህ የእንግሊዝ ፖለቲከኛ ሁሉ ያውቃል።

ከጠረጴዛው ዙሪያ ለረጅም ጊዜ የጠፉት ሴቶች ናቸው። ፈጥኖ የጮኸ ቃሉን የሚነጥቅበት ጨዋታ የወንዶች ትከሻ መጋፊያ ሆኖ ነበርና፣ በ2014 የቢቢሲ ቴሌቪዥን ኃላፊ ዳኒ ኮኸን ወንዶች ብቻ የሚቀመጡበት የቀልድ ውድድር ከእንግዲህ አይኖርም ብሎ እስከማወጅ ደረሰ። ይህ እንደ አዲስ ነገር ብዙ አነጋግሯል። በ1967ቱ የመጀመሪያ «ጀስት ኤ ሚኒት» ላይ ግን ከፍሮይድና ከዴሪክ ኒሞ ጋር የተፎካከሩት ቤሪል ሪድና ዊልማ ኤዋርት ነበሩ፤ ከአራቱ ሁለቱ ሴቶች። የፓርሰንስን ወንበር በቋሚነት የወረሰችውም ሱ ፐርኪንስ ናት፣ በ2021።