የአቃቂ ሱቅና ጠላ ቤት፤ ያልተጻፈው የኢኮኖሚ ታሪካችን

ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር ሜዳ ብዙ ተጽፎልናል። ስለ ሱቅና ስለ ጠላ ቤት ግን የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነው። እኔ በበኩሌ፣ የመንግሥት ፖሊሲ ከሕዝብ ኑሮ ጋር ፊት ለፊት የሚገናኘው በሱቅ ባንኮኒ ላይ ነው ባይ ነኝ። ለዚህም አቃቂን በምስክርነት እጠራለሁ።

የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፣ አቃቂ ከመዲናይቱ መግቢያ ላይ የምትገኝ ጣቢያ ሆነች። መንገደኛ ባለበት ጠላና ጠጅ አይታጣም። ኋላም እንደ ኢንዶ-ኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅ ያሉ ፋብሪካዎች ሲተከሉ በፈረቃ የሚሠራ ላብ አደር ሠፈረ። ደመወዝ በወር አንዴ ይመጣል፤ ሆድ ግን በየቀኑ ይጠይቃል። ይህን ክፍተት የሸፈነው ባንክ ሳይሆን የባለሱቁ የዱቤ ደብተር ነው። ከእንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ደፍታ ቤቷን የምታስታውቀው ጠላ ሻጭም፣ ከጌሾና ከብቅል በምታገኘው ገቢ ልጅ ታስተምር ነበር።

ከዚያ 1967 ዓ.ም. መጣ። በጥር ወር ታላላቅ ፋብሪካዎች ተወረሱ፤ በሐምሌ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። በኪራይ ቤት ይነግድ የነበረው ሁሉ የቀበሌ ወይም የመንግሥት ተከራይ ሆኖ ተገኘ። ስኳሩና ሳሙናው በራሽን ወደ ቀበሌ ሸማቾች ሱቅ ተዛወረ። ዋጋው ርካሽ ነበር፤ ሆኖም ወረፋ እንጂ ዱቤ አላስለመደንም። በጠላ ቤትም ሰው ቃሉን እየመረጠ መናገር ጀመረ። የግል ነጋዴው እንደገና መተንፈስ የቻለው በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ከታወጀ በኋላ ነው።

ዛሬስ? በዚሁ በአቃቂ ቃሊቲ፣ ቂሊንጦ ላይ፣ የሃይኒከን ቢራ ፋብሪካ በ2007 ዓ.ም. ተመርቋል። ጠላ ሻጯ የምትወዳደረው እንግዲህ ከዓለም አቀፍ ኩባንያ ጋር ነው። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የመልሶ ማልማቱ ጉዳይ ነው። የ1997ቱ የካሳ አዋጅ ቁጥር 455 ትኩረቱ በቦታው ላይ በሰፈረው ንብረት ላይ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥም ካሳ እንዲከፈል መደንገጉ የሚመሰገን ነው። ይሁንና ጠላ ሻጯ ደንበኞቿን ጠቅልላ ወደ አዲሱ ሠፈር ልትወስድ ትችላለችን? ባለሱቁስ ሰፈሩ ሲበተን ዱቤውን ከማን ይሰበስባል? የኮንዶሚኒየም ንግድ ቤቶች በጨረታ ለከፍተኛ ዋጋ ሰጪ ሲሸጡ፣ በዱቤ የሚሸጠው ትንሹ ነጋዴ ከውድድሩ አስቀድሞ ይወጣል።

አሮጌው ጎጆ ይቆይ፣ ጭሱም ይናፍቀን የምል አይደለሁም። የምለው፣ አዲስ ሠፈር የሚነድፉ ባለሙያዎች ለዱቤ ደብተሩም ቦታ ይተዉለት ነው። ደመወዙ ከወር የማያደርሰው ሰው ዛሬም በዝቷልና፤ ያበደረው ባለሱቅ ሲነሣ፣ ያ ሰው የሚያንኳኳው በር የትኛው ነው? መልሱን ለሚመለከታቸው እተዋለሁ።

ቸር ይግጠመን።