አውኚን ያጠኑት የዕብራይስጥ መምህር

ከአገው ቋንቋዎች አንዱ የሆነው አውኚ፣ የአዊ ሕዝብ ቋንቋ፣ ትልቅ ምሁር ባለውለታ አለው። ፕሮፌሰር ሮበርት ሄትስሮን ይባላሉ፤ ስማቸው በአዊ ከተሞች በእንጅባራና በዳንግላ ከዚህ በላይ ሊነሳ ይገባዋል።

ሄትስሮን በቡዳፔስት ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ። ከ1956ቱ የሃንጋሪ አመፅ በኋላ (ዘመኑ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን ነው) አገራቸውን ለቀው ወጡ። በኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ተምረው ወደ ካሊፎርኒያ ተሻገሩ። እዚያ ያስተማሯቸው ዎልፍ ሌስላው ናቸው፤ እርሳቸውም ከናዚዎች ያመለጡ አይሁዳዊ፣ ዕድሜያቸውን ለአማርኛና ለጉራጊኛ የሰጡ ሰው ነበሩ። ሄትስሮን በሳንታ ባርባራ ዩኒቨርሲቲ ዕብራይስጥ እያስተማሩ ስለ ኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሲጽፉ ኖረው በ1997 አረፉ።

ከእርሳቸው በፊት ጣሊያናዊው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1905 ስለ ዳንግላ አውኚ ጥናት አሳትመው ነበር። ሄትስሮን ግን በ1969 የግሱን ሥርዓት ብቻ የሚተነትን ሙሉ መጽሐፍ አወጡ። በ1978 የስሙን ሥርዓት አስከተሉ።

ግሱን መምረጣቸው ትክክል ነበር፤ የአውኚ ሀብት ያለው እዚያ ነውና። አብዛኞቹ ግሶች ባለቤቱን የሚያመለክቱት መጨረሻቸው ላይ ነው። ጥቂቶቹ ግን በመነሻቸው ያመለክታሉ፤ አማርኛው “ይመጣል፣ ትመጣለች” እንደሚለው ማለት ነው። ዕብራይስጥና ዓረብኛም ይህንኑ ያደርጋሉ። በእኔ እምነት፣ የሴም ቋንቋዎችን ጠንቅቆ የሚያውቅ የዕብራይስጥ መምህር እነዚህን ጥቂት ግሶች ሲያገኝ ምን ያህል ዋጋ እንዳላቸው ለመረዳት ጊዜ አይፈጅበትም። የአገውና የሴም ቋንቋዎች ጥንታዊ ዝምድና ምስክሮች ናቸውና።

አገውኛ ከአይሁድ ታሪክ ጋር የሚገናኝበት ሌላም መንገድ አለ። የጎንደር አካባቢ ቤተ እስራኤላውያን ጸሎታቸው በግዕዝ ቢሆንም በውስጡ የቋራ አገውኛ ይገኝበታል። ቋርኛ የአውኚ ዘመድ ነው። በዚህ ምድር የኦሪት ሰዎች ወደ ፈጣሪያቸው የጮኹት በአገው አንደበትም ጭምር ነበር።

የሄትስሮን ሁለቱም ሥራዎች የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። ዛሬ የአዊ ልጆች በትምህርት ቤት አውኚን ይማራሉ፤ እንጅባራም ዩኒቨርሲቲ አላት። ዩኒቨርሲቲው ሁለቱን ሥራዎች በአውኚና በአማርኛ አስተርጉሞ ለአውኚ መምህራን ያድርስ።