የማን ቤት ነበር?

የአክስቴ ልጅ ከጋይንት ከተሞች በአንዱ ቤት የገዛ ጊዜ በግ አርዶ ጠራን። ሁለት ክፍል፣ ጭድ በገባበት ጭቃ የተለሰነ፣ ቆርቆሮው ገና የሚያብረቀርቅ። «ውልህስ?» አልኩት። አወጣና አሳየኝ፤ በሦስት ሽማግሌዎች ፊት በእጅ የተጻፈ። ጥሩ ነው ብዬ በላሁ፣ ጠጣሁ፣ መረቅሁ።

በዓመቱ የሻጩ እኅት ከአዲስ አበባ መጣች። «የአባቴን ቤት ማን ነው የሸጠው?» አለች። ክርክሩ ሁለት ዓመት ፈጀ። ዘመዴ ቤቱን አጣ፤ ከገንዘቡም የተመለሰለት ግማሹ ነው።

ያን ጊዜ እኅቲቱን ያልረገማት አልነበረም፤ እኔም ረግሜያለሁ። ኋላ ሳስበው ግን ሴትዮዋ የተናገረችው የአገሩን የቆየ ቋንቋ ነው። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ከ1967 በፊት አብዛኛው የገበሬ መሬት ርስት ነበር። ርስት ደግሞ የአንድ ሰው ሀብት አይደለም። መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት የሚወለድ ሁሉ፣ ወንዱም ሴቷም፣ በአባትም በእናትም ቆጥሮ ድርሻዬን ይላል። እንግዳ ሲመጣ የሚቀድመው ጥያቄ «የማን ዘር ነህ?» ነው።

ከዚያ አዋጁ መጣ። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ወደ መንግሥት ዞረ። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም አለ። በ1989 በአማራ ክልል በተካሄደው ድልድል ካንዱ ተቀንሶ ለሌላው ተሰጠ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ገበሬው የይዞታ ደብተር ይይዝ ጀመር። ጥያቄው «የማን ዘር ነህ?» መሆኑ ቀረና «ደብተር አለህ?» ሆነ። ይሁንና አዲሱ ጥያቄ የድሮውን አላጠፋውም፤ በላዩ ላይ ተደረበ እንጂ። ዘመዴን የጎዳውም ሁለቱንም አለመጠየቁ ነው።

እንግዲህ በንፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ ቤት ልትገዛ የምታስብ ወዳጄ፣ መጀመሪያ ይህን እወቅ፤ የምትገዛው ግድግዳና ጣራውን፣ ከዚያም በቦታው የመጠቀም መብትን ነው። ስለዚህ ቦታው የከተማ ይዞታ መሆኑን ከማዘጋጃ ቤቱ አረጋግጥ። ከከተማው ዳር ያለ ማሳ «ነገ ከተማ ይገባል» እየተባለ ይሸጣል። እውነት ነው፣ ሊገባ ይችላል። ካሳው ሲመጣ ግን የሚፈለገው በደብተሩ የተጻፈው ስም እንጂ የአንተ አይደለም።

ቀጥለህ የይዞታ ማረጋገጫው በማን ስም እንደሆነ፣ ስፋቱም ከቆምክበት ቦታ ጋር መግጠሙን እይ። ግብሩ ተከፍሏል? የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ አለበት? ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሚስቱም ትፈርም። ቤቱ የውርስ ከሆነ የወራሽነት ማስረጃውን አይተህ ወራሾቹን ሁሉ አስፈርም፤ አዲስ አበባ ያለችውንም፣ ዐረብ አገር ያለችውንም።

ሽማግሌ ይቀመጥ፣ ይመርቅ፤ ክፉ አይደለም። ነገር ግን በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ክፍል ፊት ይሁን ይላል። ከዚህም በኋላ ስሙ ወደ አንተ እስኪዛወር ድረስ ከገንዘቡ ጥቂት ይዘህ ቆይ፤ ይህንኑም በውሉ አስጽፍ።

ቤቱን ደግሞ በበጋ ብቻ አትየው። በክረምት ሂድና ውሃው በየት እንደሚወርድ ተመልከት። መሬቱ ዋልካ ከሆነ በዝናብ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ግድግዳውንም አብሮ ይሰነጥቀዋል። ንፋስ መውጫ ላይ ከሆንክማ የጣራውን ምስማር ሳትቆጥር አትመለስ፤ ከተማዋ ስሟን በከንቱ አላገኘችም።

በመጨረሻ፣ ከጎረቤት ቡና ጠጣ። ቤቱ የማን እንደነበረ፣ ባለቤቱ ስንት ልጆች እንደወለዱ ጠይቅ። መዝገብ የማይነግርህን አንዲት አሮጊት ሁለተኛው ስኒ ሳያልቅ ይነግሩሃል።

የአክስቴ ልጅ አሁን በኪራይ ይኖራል። ቤት የሚሸጥ ሰው ሲያገኝ ዋጋ አይጠይቅም። «ስንት እኅትና ወንድም አለህ?» ነው የሚለው።