ሳጥን፣ ዝብርቅርቅ እና የጥያቄ ምልክት

እስቲ ቤታችሁ ወይም መሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ አንድ አሮጌ ሲዲ ፈልጉ፡፡ እ.ኤ.አ. ከ2000 በፊት የተጻፈ የአማርኛ ፋይል ካለበት በአዲሱ ኮምፒዩተራችሁ ክፈቱት፡፡ ዕድለኛ ካልሆናችሁ የሚመጣላችሁ አማርኛ አይደለም፡፡ ቆብና ጭረት የተደፋባቸው የላቲን ፊደላት፣ የገንዘብ ምልክቶች፣ ቅንፎችና ነጥቦች አንድ ላይ የተዘሩበት ገጽ ነው፡፡ ብዙ ሰው “በቃ፣ ቫይረስ በልቶታል” ይልና ፋይሉን ያጠፋዋል፡፡

ቫይረስ አልበላውም፡፡ አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉ ጤነኛ ነው፡፡ የተበላሸው በፊደላችንና በኮምፒዩተር መካከል የነበረው ውል ነው፡፡ ውሉ እንዴት እንደተዋዋለና እንዴት እንደፈረሰ ማወቅ ደግሞ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ፋይሉን ለማዳንም ይጠቅማል፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ ኮምፒዩተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው፡፡ በዊንዶውስ 95 እና በዊንዶውስ 98 ዘመን የተለመደው አሠራር ለአንድ ፊደል አንድ ባይት መስጠት ነበር፡፡ አንድ ባይት 256 ቦታ አለው፡፡ የመጀመሪያዎቹ 32 ለማሽኑ ትእዛዝ የተያዙ ናቸው፡፡ ለፊደል የሚተርፈው ወደ 220 ገደማ ነው፡፡ ለእንግሊዝኛ ይህ ሰፊ ግቢ ነው፡፡ የኛ ገበታ ግን 33 በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል፡፡ በዚያ ላይ እነ ቋ፣ ኳ እና ጓ አሉ፡፡ 20 የግዕዝ ቁጥሮች አሉ፡፡ አራት ነጥብና ነጠላ ሰረዝም ቦታ ይፈልጋሉ፡፡ በአጭሩ ቤቱ ጠበበን፡፡

ብዙ ፊደል፣ ጥቂት ቁልፍ፡፡ ይህ ጥያቄ አዲስ አልነበረም፡፡ በጽሕፈት መኪና ዘመን ኢንጂነር አያና ብሩን የመሰሉ ሰዎች የታገሉት ከዚሁ ጋር ነው፡፡ የኮምፒዩተር ባለሙያዎቹም ሁለት ዓይነት መላ ዘየዱ፡፡ አንደኛው ፊደሉን ቆራርጦ መስፋት ነው፤ ገላው ለብቻ፣ እግሩና ቅጥያው ለብቻ ተሥሎ በስክሪን ላይ ይገጣጠማል፡፡ ሁለተኛው ገበታውን ለሁለትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ፎንቶች ማከፋፈል ነው፡፡ ስንተይብ ፕሮግራሙ በአንድ ቃል መሐል ፎንት ይቀያይር ነበር፤ እኛ አናየውም፡፡

በሁለቱም መንገድ አንድ ትልቅ ማታለል ነበረበት፡፡ ኮምፒዩተሩ የሚያስበው የላቲን ፊደል እየጻፍን እንደሆነ ነው፤ ፎንቱ ግን በላቲኑ ሥዕል ፈንታ የአማርኛ ሥዕል ያሳየናል፡፡ ማለትም ፋይሉ ውስጥ አማርኛ የለም፤ አማርኛው ያለው ፎንቱ ውስጥ ነው፡፡ ፎንቱ ሲጠፋ ጭምብሉ ይወልቃል፡፡

ይህ መላ ግን ስንት ሥራ ሠርቷል! እ.ኤ.አ. በ1992 የፕሬስ አዋጁ ከወጣ በኋላ ጋዜጣና መጽሔት እንደ አሸን ሲፈላ፣ አማርኛን በኮምፒዩተር መልቀም የቻልነው በእነዚህ ፎንቶች ነው፡፡ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ የሚሉት ስሞች በየጸሐፊዋ ጠረጴዛና በየኮምፒዩተር ማሠልጠኛው የተለመዱ ሆኑ፡፡ ችግሩ ሁሉም የየራሱ የቁጥር ሰንጠረዥ ነበረው፡፡ በአንዱ “ለ” የሆነው ቁጥር በሌላው “ጨ” ሊሆን ይችላል፡፡ ስለዚህ ፋይል ከመሥሪያ ቤት ወደ ማተሚያ ቤት ሲሄድ በፍሎፒው ላይ ፎንቱም አብሮ መጓዝ ነበረበት፡፡

የዚያን ዘመን አስቂኝ ስህተቶችም ከዚሁ የሚመነጩ ናቸው፡፡ ዎርድ የዓረፍተ ነገሩን የመጀመሪያ ፊደል “ካፒታል” ላድርገው ብሎ ሲያስተካክል፣ ትንሿና ትልቋ የላቲን ፊደል ሁለት የተለያዩ ሥዕሎች ስለያዙ አንዱ የአማርኛ ፊደል ወደ ሌላ ይለወጣል፡፡ 160 ቁጥርን ዊንዶውስ ባዶ ቦታ አድርጎ ስለሚያየው፣ 173ን ደግሞ ዎርድ እንደ ቃል መክፈያ ሰረዝ ስለሚይዘው፣ እዚያ የተቀመጠ ፊደል ድንገት ይሰወራል፡፡ የስም ዝርዝር በፊደል ተራ ደርድርልኝ ስትሉት የሚደረድረው በላቲኑ ተራ ነው፡፡ ጸሐፊዋ ትሰደባለች እንጂ ጥፋቱ የእሷ አልነበረም፡፡

መፍትሔው የመጣው ከዩኒኮድ ነው፡፡ የዩኒኮድ የመጀመሪያ እትም እ.ኤ.አ. በ1991 ሲወጣ ፊደላችን አልነበረበትም፡፡ በመሐሉ እነ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ሴራ የተባለውን አማርኛን በላቲን ፊደል የመጻፊያ ሥርዓት አዘጋጅተው ሰው በኢሜይል እንዲግባባ ረድተዋል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ 345 የኢትዮጵያ ፊደላትና ምልክቶች የየራሳቸው ቋሚ ቁጥር አገኙ፡፡ “ሀ” 4608 ሆነች፡፡ በየትኛውም ፎንት፣ በየትኛውም አገር 4608 ነች፡፡

ቁጥር ማግኘት ግን ቤት ማግኘት ማለት አይደለም፡፡ ዊንዶውስ 98 እና ኤክስፒ ከፋብሪካቸው የአማርኛ ፎንት ይዘው አይመጡም ነበር፡፡ በትክክል የተጻፈ የዩኒኮድ አማርኛ በእነሱ ላይ ሲከፈት ረድፍ ረድፍ ባዶ ሳጥን ይሆናል፡፡ የዚያን ጊዜ የኢንተርኔት ካፌ ደንበኞች እንደ ጂረት ያሉ ፎንቶችን ራሳቸው መጫን የተማሩት ለዚህ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በጥር 2007 ዊንዶውስ ቪስታ ለሕዝብ ሲቀርብ ኒያላ የተባለ ፎንትና የአማርኛ ኪቦርድ ይዞ መጣ፡፡ ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረትን ልንቀበል ወራት ሲቀሩን ማለት ነው፡፡

እንግዲህ አሮጌው ፋይል ሲገጥማችሁ በሽታውን ከመልኩ ለዩት፡፡

ባዶ ሳጥን ካያችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ጽሑፉ ሙሉ ነው፣ የጎደለው ፎንት ብቻ ነው፡፡

በየሦስት ምልክቱ ላይዋ ላይ ጭረት ያላት ትንሿ የላቲን “ኤ” የምትደጋገም ከሆነም አትደንግጡ፡፡ ይህ ዩኒኮድ በተሳሳተ ሰንጠረዥ ሲነበብ የሚመጣ ነው፡፡ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ ሦስት ባይት ይይዛል፤ የመጀመሪያው ባይትም ሁሌ አንድ ነው፡፡ ፋይሉን ዩቲኤፍ 8 ብላችሁ ስትከፍቱት ይስተካከላል፡፡

ሥርዓት የሌለው ዝብርቅርቅ ከሆነ የድሮ ፎንት ነው፡፡ ምንም ሳትነኩ መጀመሪያ ኮፒ አድርጉ፡፡ ዎርድ ውስጥ ጽሑፉን መርጣችሁ የፎንቱን ስም ተመልከቱ፡፡ ፎንቱ በእጃችሁ ባይኖርም ስሙ እዚያው ተጽፎ ሊሆን ይችላል፡፡ ፎንቱን አግኝታችሁ ስትጭኑት አማርኛው ይመለሳል፤ ከዚያ ለዚያው ፎንት በተሠራ መቀየሪያ ወደ ዩኒኮድ ማዛወር ነው፡፡ የሌላ ፎንት መቀየሪያ ከተጠቀማችሁ ግን አማርኛ የሚመስል ግን አማርኛ ያልሆነ ነገር ታገኛላችሁ፡፡ ከተቀየረ በኋላም ቁጥሮቹንና ስሞቹን ከዋናው ጋር አመሳክሩ፡፡ ለዚህ ሲባል አሮጌ ኮምፒዩተር ብታስነሡ ከኢንተርኔት ጋር አታገናኙት፡፡ ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 98ን መደገፍ ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2006፣ ኤክስፒን ደግሞ በ2014 ነው፡፡

የመጨረሻው የጥያቄ ምልክት ነው፡፡ መስመሩ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ብቻ ከሆነ ፋይሉ ሞቷል፡፡ ይህ የሚሆነው የዩኒኮድ አማርኛ አማርኛን በማያውቀው በድሮው ሰንጠረዥ ሴቭ ሲደረግ ነው፡፡ ፕሮግራሙ የማያውቀውን ፊደል ሁሉ በአንድ ምልክት ይተካዋል፡፡ “ሰላም”ም “ሞት”ም አንድ ዓይነት ይሆናሉ፡፡ ኖትፓድ እንዲህ ሊያደርግ ሲል አንድ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ እኛ ደግሞ ሳናነብ “ኦኬ” እንላለን፡፡ በዓለም ላይ ያንን የሚመልስ ባለሙያ የለም፡፡

ለምን ይሄን ያህል እጨነቃለሁ? ጋዜጠኝነት ስለተማርኩ ይሆናል፡፡ ከ1980ዎቹ አጋማሽ እስከ ሚሊኒየማችን ድረስ ያለው ዘመን የመጀመሪያው በኮምፒዩተር የተጻፈ ዘመናችን ነው፡፡ ጋዜጣው፣ የመመረቂያ ጽሑፉ፣ ያልታተመው ልብ ወለድ፣ የዕድር መዝገቡ፣ አባት ለልጁ በካናዳ የጻፈው ደብዳቤ በእነዚህ ፎንቶች ውስጥ ተቆልፏል፡፡ ብራናው አምስት መቶ ዓመት ቆይቶ ይነበባል፤ የሃያ ዓመቱ ፍሎፒ ግን አይነበብም፡፡ ብራናውን የሚያነበው ሰው ፊደሉን ካወቀ ይበቃዋል፡፡ ፍሎፒው ግን ማንበቢያውን፣ ፕሮግራሙንና ፎንቱን ሁሉ ይፈልጋል፡፡

ፎንቱን ስሙን ጠርተው የሚያውቁት፣ የትኛው ፊደል በየትኛው ቁልፍ እንደነበር ጣታቸው የሚያስታውሰው ሰዎች ደግሞ ዛሬም አሉ፡፡ የድሮዋ ጸሐፊ፣ የማተሚያ ቤቱ ለቃሚ፣ የኮምፒዩተር ማሠልጠኛው መምህር፡፡ አሮጌውን ሲዲ ከመጣላችሁ በፊት እነሱን ጠይቁ፡፡