ዝሆንና ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ፦ በሐረር የንግድ መንገድ ጫፍና ጫፍ የነበሩ ሁለት ግዙፎች

ስለ ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ ልጽፍላችሁ ነው፤ የምጀምረው ግን ከሐረር ነው። «ደግሞ ሐረርና ዓሣ ነባሪን ምን አገናኛቸው?» ብትሉ አልፈርድባችሁም። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። እስቲ ግን ካርታ አውጡና ከጀጎል ወደ ሰሜን ምሥራቅ መስመር ሳቡ። መስመሩ ዘይላ ያደርሳችኋል። ከዘይላ ወዲያ የኤደን ባሕረ ሰላጤ ነው። ለብዙ ዘመን የሐረር ቡና፣ ቆዳ፣ ሙጫና የዝሆን ጥርስ በግመል ተጭኖ የሚወርደው ወደዚያ ነበር። በባሕረ ሰላጤው ውኃ ውስጥ ደግሞ በምድር ላይ ከኖሩ እንስሳት ሁሉ በክብደት የሚስተካከለው አልተገኘም የሚባለው ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ ይዋኛል።

አሁን ወደ ከተማዋ ምሥራቅ ዙሩ። ከአምስቱ የጀጎል ጥንታዊ በሮች አንዱ፣ አርጎብ በሪ፣ ኤረር በር ተብሎም ይጠራል። በዚያ ወጥታችሁ የኤረርን ሸለቆ ወደ ደቡብ ብትከተሉ የባቢሌ ዝሆኖች መጠለያ ትደርሳላችሁ። ዝሆን በየብስ ካሉት ሁሉ ትልቁ ነው። እንግዲህ አንዲት የንግድ ከተማ፣ በአንድ በኩል የየብሱ ግዙፍ፣ በሌላ በኩል የባሕሩ ግዙፍ። የሁለቱ ታሪክ ደግሞ ከምትገምቱት በላይ ይመሳሰላል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ግን መጠኑን እንነጋገር። አንድ ትልቅ ወንድ ዝሆን 6 ቶን ያህል ይመዝናል። ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ 150 ቶን ሊደርስ ይችላል፤ 25 ዝሆን ማለት ነው! ርዝመቱ 30 ሜትር ይጠጋል። ስሙ «ዓሣ» ይበል እንጂ ዓሣ አይደለም። በሳንባ ይተነፍሳል፣ ይወልዳል፣ ያጠባል። ጥጃው ሲወለድ 7 ሜትር ገደማ ሲሆን ጡት በሚጠባበት ጊዜ በቀን እስከ 90 ኪሎ ይጨምራል። በ2019 በታተመ ጥናት በካሊፎርኒያ ዳርቻ ተመራማሪዎች መሣሪያ ለጥፈውበት ልቡ ጠልቆ ሳለ በደቂቃ ከ4 እስከ 8 ጊዜ፣ አንዳንዴም 2 ጊዜ ብቻ እንደሚመታ ለክተዋል። የእናንተን አሁን ቁጠሩና አወዳድሩ።

ታዲያ ዝሆን ለምን 150 ቶን አልሆነም? ይህ የእኔ የምህንድስና ትምህርት የሚወደው ጥያቄ ነው። መልሱን ጋሊሊዮ በ1638 ጽፎታል። የአንድን እንስሳ ቁመት፣ ርዝመትና ወርድ ሁሉንም እጥፍ አድርጉት። የአጥንቱ ጥንካሬ የሚወሰነው በውፍረቱ ስፋት ስለሆነ 4 እጥፍ ያድጋል። ክብደቱ ግን በይዘቱ ስለሚወሰን 8 እጥፍ ያድጋል። ማለትም እንስሳው በጨመረ ቁጥር እግሩ ከሚሸከመው በላይ ይከብዳል። ዝሆን እግሩ እንደ ምሰሶ የወፈረውና የማይዘልለውም ለዚህ ነው። ባሕር ውስጥ ግን ክብደቱን የሚሸከመው ውኃው ነው። ጋሊሊዮም ራሱ ዓሣ ነባሪን ለዚህ ምሳሌ አድርጎታል። ዳርቻ ላይ የተጣለ ዓሣ ነባሪ በገዛ ክብደቱ ይጨነቃል፤ ለመተንፈስ እንኳ ይቸገራል።

ይህን የሚያህል አካል ጠላት የለውም ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። ሰው እስኪመጣ ድረስ በአብዛኛው እውነት ነበር።

በሐረር በኩል የዝሆን ጥርስ ንግድ እጅግ የቆየ ነው። በእኛ አገር ዝሆን መግደል ክብር የሚያስገኝ፣ የሚፎከርበት ጀብዱ ነበር፤ ጥርሱ ደግሞ ገንዘብ ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ግጥም መጻፉን ትቶ በታኅሣሥ 1880 ሐረር የገባው ለአንድ የኤደን ንግድ ቤት ተቀጥሮ ነው። ከተማዋ ያኔ በግብፆች እጅ ነበረች። ቡናና ቆዳ ይገዛ ነበር፣ የዝሆን ጥርስም እንዲሁ። በ1882 ከኤደን ሆኖ ፓሪስ ላለ ጠመንጃ ሠሪ ጻፈ። የዝሆን አዳኞች ቡድን ማቋቋም ፈልጎ ለዚያ የሚሆን መሣሪያ ነበር የጠየቀው። ዛሬ በስሙ የሚጠራውን የሐረር ቤት የሚጎበኙ ሰዎች ስለ ግጥሙ ብዙ ይሰማሉ፤ እኔ ግን ይህችን ደብዳቤ ነው ይበልጥ የማስታውሳት። በዚያ ዘመን ከአፍሪካ የወጣ ጥርስ ሕንድ ሄዶ አምባር ይሆናል፣ አውሮፓ ሄዶ የፒያኖ ቁልፍ፣ ማበጠሪያና የቢሊያርድ ኳስ ይሆናል።

ዓሣ ነባሪውስ? ሰማያዊው በጣም ፈጣንና ጉልበተኛ ስለሆነ፣ ሲሞትም ስለሚሰምጥ፣ በመቅዘፊያ ጀልባ የሚያድኑት አይሞክሩትም ነበር። ኖርዌያዊው ስቬን ፎይን በ1860ዎቹ በመድፍ የሚተኮስ፣ ጫፉ የሚፈነዳ ጦር በእንፋሎት መርከብ ላይ ሲያጠምድ ነገሩ ተለወጠ። በ1930/31 የአደን ወቅት ብቻ ወደ 30,000 የሚጠጉ ሰማያዊ ዓሣ ነባሪዎች ተገደሉ። አንድ ወቅት ነው፣ ልብ በሉ። ስባቸው ሳሙናና ማርጋሪን ሆነ። በዓለም ትልቁን እንስሳ ዳቦ ላይ ለመቀባት!

አሁን ወደ ሐረር ባሕር እንመለስ። ከ1963 ጀምሮ ባሉት ጥቂት ዓመታት የሶቪየት አዳኝ መርከቦች በሰሜን የሕንድ ውቅያኖስ፣ የኤደን ባሕረ ሰላጤን ጨምሮ፣ 1,294 ሰማያዊ ዓሣ ነባሪዎችን ገደሉ። ለዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን እውነተኛውን ቁጥር አላሳወቁም። ምስጢሩ የወጣው ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰች በኋላ ነው፤ ያወጡትም በመርከቦቹ ላይ የሠሩና መዝገቡን ያስቀሩ የራሷ ሳይንቲስቶች ናቸው። ኮሚሽኑ ሰማያዊውን ዓሣ ነባሪ በዓለም ዙሪያ ማደን የከለከለው በ1966 ነበር።

ግዙፍ እንስሳ ሲጎዳ ቶሎ አያገግምም። ዝሆን 22 ወር ታረግዛለች፣ አንድ ትወልዳለች፣ ቀጣዩን የምትወልደው ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ነው። ሰማያዊ ዓሣ ነባሪም በሁለት ወይም በሦስት ዓመት አንድ ጥጃ ነው። እኔ ቀላል ስሌት ሠርቼ ነበር፦ 200 ዝሆኖች ውስጥ ለመውለድ የደረሱት ሴቶች 60 ቢሆኑ፣ በዓመት የሚወለደው ከ15 አይበልጥም። ከዚያ ላይ ጥቂት በጥይት፣ ጥቂት በድርቅ ቢሞቱ ምን ይቀራል? ባቢሌ በ1970 ሲከለል ወደ 7,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍን ነበር። ዛሬ በውስጡ የቀሩት ዝሆኖች ጥቂት መቶዎች ናቸው። ሰፈራና እርሻ ወደ ሸለቆው ገብቷል፣ የጥርስ አዳኞችም አልተቋረጡም። ማሳው የተረገጠበት ገበሬም ዝሆንን መጥላቱ አይገርምም፤ ይህን ሳያነሱ «ጥበቃ» ማለት ቀላል ነው። በመጋቢት 2015 መንግሥት አዲስ አበባ ላይ ከ6 ቶን በላይ የዝሆን ጥርስ አቃጠለ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከሁሉ የምወደውን። አሜሪካዊቷ ኬቲ ፔይን ለዓመታት የዓሣ ነባሪዎችን ዜማ አጥንታለች። በ1984 በፖርትላንድ የእንስሳት ማቆያ ከዝሆኖች አጠገብ ቆማ ሳለ አየሩ ሲርገበገብ ተሰማት፤ ጆሮዋ ግን ምንም አይሰማም። በኋላ ድምፃቸውን ቀርጻ ስትመረምረው ዝሆኖቹ ከ20 ኸርዝ በታች፣ ማለትም ከሰው ጆሮ በታች በሆነ ድምፅ ሲነጋገሩ ተገኙ። የሰማያዊ ዓሣ ነባሪም ጥሪ በአብዛኛው በዚያው አካባቢ ነው። እንዲህ ያለ ወፍራም ድምፅ ሩቅ ይሄዳል፤ ዝሆኑ በኪሎ ሜትሮች ርቆ ያለውን መንጋ ይጠራበታል፣ ዓሣ ነባሪው ደግሞ በመቶዎች ኪሎ ሜትር።

ሰማያዊ ዓሣ ነባሪዎች በየአካባቢያቸው የተለያየ ዜማ አላቸው። በ2020 ተመራማሪዎች ከዚያ በፊት ተለይቶ የማይታወቅ ዜማ ከኦማን ዳርቻ፣ በአረቢያ ባሕር፣ መቅዳታቸውን አሳወቁ። በማዳጋስካር አካባቢም ያው ዜማ ተሰምቷል። ምናልባት የሶቪየት መርከቦች ካሳደዷቸው የተረፉት ልጆች ናቸው። ከዘይላ የሚነሳ ጀልባ ከሚያልፍበት ባሕር ብዙም አይርቁም።