ራስ ልዑል ሰገድና የቶራ መስክ ጦርነት

ከጓሳና ከመንዝ ጀምሮ በሰሜን ሸዋ የተዘረጋው ደጋ ለወሎ ጎረቤት ስለ ሆነ፥ ሸዋና ወሎ በተጣሉ ጊዜ የጦርነቱ መከራ አስቀድሞ የሚወድቀው በእርሱ ላይ ነበር። በጥቅምት ወር 1909 ዓመተ ምሕረት በዚሁ ደጋ በቶራ መስክ ላይ ራስ ልዑል ሰገድ አጥናፍ ሰገድ ከሠራዊታቸው ጋር ወደቁ። ጥቂት ቀን ቆይቶ የሰገሌ ድል ስለ ተገኘ፥ የድሉ ዝና የቶራ መስክን ሐዘን ሸፈነው።

ራስ ልዑል ሰገድ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በጦር አገልግሎት ያደጉ መኰንን ነበሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ መነን አስፋው የወሎው ገዥ የሚካኤል የልጅ ልጅ ናቸው። ልጅ ኢያሱ ግን በ1903 ዓመተ ምሕረት ወይዘሮ መነንን ከባላቸው አለያይተው ለደጃዝማች ተፈሪ መኰንን ዳሯቸው። እንዲህ ያለው ነገር በመኳንንት ዘንድ ምን ያህል ቂም እንደሚያተርፍ የታወቀ ነው።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓመተ ምሕረት ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ተሻሩ። ወይዘሮ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት ተባሉ፤ ተፈሪ መኰንንም ራስ ተብለው አልጋ ወራሽ ሆኑ። ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ መኳንንቱን ለልጅ ኢያሱ ከገቡት መሐላ ፈቷቸው። አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ግን የልጃቸውን መሻር አልተቀበሉምና 80,000 የሚገመት ሠራዊት አስከትተው ወደ ሸዋ ተነሡ። ስለዚህ አንዱ ወገን መሐላዬን እጠብቃለሁ ሲል፥ ሌላው ከመሐላዬ ተፈትቻለሁ እያለ ያንድ አገር ልጆች ተፋጠጡ።

ለሸዋ ግንባር ቀደም ሆነው የተሰለፉት ራስ ልዑል ሰገድ ናቸው፤ ጦራቸውም 11,000 ያህል ነበር። በፊታቸው የሚመጡት ንጉሥ የቀድሞ ሚስታቸው አያት፥ የሚዋጉላቸው አልጋ ወራሽ ደግሞ ሚስታቸውን ያገቡ ሰው ናቸው። ቂማቸውን ከአገር ጉዳይ ጋር ሊያቀላቅሉ ቢወዱ ኖሮ፥ ምክንያት አያጡም ነበር። እርሳቸው ግን በታዘዙበት ስፍራ ቆመው ተዋጉ፤ ጦራቸው ተደመሰሰ፥ እርሳቸውም ሞቱ።

ንጉሥ ሚካኤል ከዚህ ድል በኋላ ወዲያው ወደ አዲስ አበባ ቢገሠግሡ ኖሮ የነገሩ ፍጻሜ ሌላ በሆነ ነበር። ነገር ግን የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የወዳጅነት መልእክት እየላኩ አዘናጓቸው፤ በዚያውም መካከል የሸዋ ጦር ተሰበሰበ። ጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ በተደረገው ጦርነት ንጉሡ ድል ሆነው ተማረኩ።

እንግዲህ አዲስ አበባን ያዳነ የልዑል ሰገድ ሞት ብቻ ነው ማለት አይገባም፤ የሀብተ ጊዮርጊስም ብልሃት፥ የሚካኤልም መዘግየት አለበት። ለልዑል ሰገድ የሚገባው ምስጋና ሌላ ነው። በቤታቸው የደረሰባቸውን በደል ወደ ጦር ሜዳ ይዘው አልሄዱም። ወይዘሮ መነን በ1923 ዓመተ ምሕረት ከባላቸው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር የእቴጌነት ዘውድ ሲጭኑ፥ ራስ ልዑል ሰገድ ከሞቱ 14 ዓመት ሆኗቸው ነበር። ያ ዘውድ እንዲጸና ከሞቱለት ሰዎች አንዱ የቀድሞ ባለቤታቸው መሆናቸውን ታሪክ ሊዘነጋው አይገባም።